የስድስት ሰዓት እንቅልፍ

ሰሞኑን የአባቴን ጋቢ ለማናፈስ ከሣጥን ሳወጣው የጧፍና የአሮጌ ብራና ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ዓይኔ ክድን ክድን አለብኝ፤ ያ ጋቢ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣው እንቅልፍ ቢጨመቅ፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ ላሊበላን ከነእንግዶቿ አንድ ክረምት ያስተኛል።

አባቴ የማኅሌት ሰው ነበሩ። በዓል በሆነ ቁጥር ሌሊቱን በመቋሚያቸው ተደግፈው ሲዘምሩ አድረው፣ ጠዋት አስቀድሰው፣ ቤት ገብተው እህል ቢጤ ቀምሰው፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ይተኛሉ። ሲያንኮራፉ ዶሮዎቹ ከግቢ ይሰደዳሉ፣ የግድግዳው ጭቃ ይራገፋል፤ ከአሸተን ተራራ ማዶም ነጎድጓድ መስሏቸው እህላቸውን ከአውድማ የሰበሰቡ ገበሬዎች አሉ ይባላል፤ የምለው እኔ ነኝ።

ሰፈሩ ግን ሰነፍ ይላቸው ነበር። ሌሊት ሲቆሙ ማን አይቷቸው፤ ሁሉም ተኝቷላ! ቀን ሲተኙ ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል።

አንድ ቀን አብሮኝ የሚማር ልጅ «ያ እንቅልፋም አባትሽ» ቢለኝ በደብተሬ ጆሮ ግንዱን አጮልኩት። ርእሰ መምህሩም ነገ በስድስት ሰዓት አባቴን ይዤ ካልመጣሁ ትምህርት ቤቱን እንድረሳው ነገሩኝ። ማግስቱ ደግሞ ትምህርት ቤት የማይዘጋበት የቤተ ክርስቲያን በዓል ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ አባቴ ከመቆም ብዛት እግራቸው እንደ ዱባ አብጦ ተኝተዋል። ልቀሰቅሳቸው እጄን ዘርግቼ መለስኩት፤ ትምህርቱ ቢቀር ይቅር ብዬ ብቻዬን ሄድኩ።

«አባትሽስ?»

«ተኝተዋል።»

«በጠራራ ፀሐይ? ቀስቅሰሽ አታመጪም?»

«አልቀሰቅስም!»

ቢሮው ጥግ ላይ ፈተና ያርሙ የነበሩት ወጣቱ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጡብ የሚያህል መዝገበ ቃላታቸውን ገለጡ። እንግሊዞች የቀትር እንቅልፍን «ሲዬስታ» እንደሚሉት፣ ቃሉን ከስፔኖች እንደወሰዱት፣ ስፔኖቹም ከላቲን እንዳገኙት፣ ፍቺውም ስድስተኛዋ ሰዓት እንደሆነ፣ የጥንቶቹ ሮማውያንም እንደኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጫ ጀምረው እንደነበር አነበቡልን።

«ጋሼ፣ ሰውየውን እኮ የቀጠሯቸው በመኝታ ሰዓታቸው ነው» አሏቸው።

ርእሰ መምህሩ አፋቸውን አጣመሙ፤ ቀጠሮውን ግን ወደ አሥር ሰዓት አዛወሩት። አባቴም በአሥር ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፣ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ፣ በግማሽ ልቤ ጠየቅሁ፤ ከትምህርቴም ሳልባረር ቀረሁ። ስንመለስ የቃሉን ነገር ነገርኳቸው።

«ታዲያ እነሱም ማኅሌት ቆመው አድረው ነዋ?»

«አይ አባባ፣ ምሳቸውን በልተው ነው።»

ቆም ብለው አሰቡና፣ «ሰነፎች!» አሉ።

አባቴ ከዚህ ዓለም ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ፤ በስድስት ሰዓት በሬን ቀርቅሬ እጋደማለሁ። አስጎብኚዎቹ «እትዬ፣ ኧረ እንግዳ ፀሐይ ላይ ቆሟል!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ጎረቤቶቼ ሰነፍ ይሉኛል፤ ይበሉ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰዓቱን ወርሻለሁ፣ አልጋውንም ወርሻለሁ፣ እንቅልፉ ግን እምቢ አለኝ። ለካ ያ እንቅልፍ የሚመጣው ቆሞ ላደረ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ለሽ ብዬ ያደርኩ ሴት ነኝ። ዓይኔን እንዳፈጠጥኩ የጣሪያውን ማገር እቆጥራለሁ።

ቢሆንም አልነሣም!