እንዴት አደራችሁ ያላለን ስብሰባ

የአምቡላንስ ነርስ ሆኜ ስሠራ እንደዚያ ጠዋት ተናድጄ አላውቅም።

በዋዜማው ውቤ በረሃ ሰፈር ውስጥ፣ ክረምቱ ሲያርሰው የከረመ የጭቃ ቤት ተደርምሶ አንዲት አሮጊት ሥሩ ቀርተው ነበር። መንገዱ መኪና ስለማያስገባ ሾፌራችን አምቡላንሱን አስፋልቱ ዳር አቆመና ቃሬዛውን ተሸክመን ሮጥን። ሾፌሩ ሃያ ዓመት አምቡላንስ የነዳ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ የአራዳ ልጅ ነው። ስንደርስ ባለቤታቸው፣ ከፍርስራሹ ሥር ብቅ ያለውን የሚስታቸውን እጅ ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከጎረቤቶቹ ጋር ጭቃውን በእጃችን ዛቅን። አወጣናቸው፤ ግን ሕይወታቸው አልፏል። ሽማግሌው አልለቅም ስላሉ ሾፌሩ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀ።

በማግስቱ አለቃችን "ከግዳጅ በኋላ ውይይት" ብሎ አምስት ኪሎ ያለው ቢሮ ሰበሰበን። ደስ አለኝ። በስንት ዘመን አንድ ሰው እንዴት ናችሁ ብሎ ሊጠይቀን ነው አልኩ። እሱ ግን የሪፖርት ፎርም ዘርግቶ፣ በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሾፌር፣

"መኪናውን ለምን ያን ያህል ርቀህ አቆምክ?" አለው።

"አያስገባም ጌታዬ። መንገዱ ጠባብ ነው።"

"ሞክረህ ነበር?"

ሾፌሩ ጠረጴዛው ላይ ያሳረፈው እጁ ሲንቀጠቀጥበት ጭኑ ሥር ደበቀው። አለቃው ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ አጠገቡ ስለነበርኩ አነበብኩት። "በቂ ምላሽ አልሰጠም" ይላል።

ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ይህ ሰው እንዴት እንዳደረ የጠየቀው አለ?" አልኩ።

"እህቴ፣ የስሜት ጉዳይ ፎርሙ ላይ የለም።"

"እና እኛን ለምን ጠራችሁን? ፎርሙን ብቻችሁን አትሞሉትም ነበር?"

አለቃው እንድንፈርም ወረቀቱን ገፋ አደረገልን። አልፈረምኩም። ሾፌሩን ክንዱን ይዤ ወጣሁ።

ፒያሳ አንድ ካፌ ገብተን ባንኮኒው ጋ ቆመን ማኪያቶ አዘዝን። የሱ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ስኒውን ወደ ጎን አድርጎ፣

"ሽማግሌው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "'ልጄ፣ ቀስ አድርገህ ያዛት፤ ይቺን እጇን ቁርጥማት ያማታል' አሉኝ።"

ይህን ብሎ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።

ወር ሳይሞላ ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ለእሱ ወደ ጋራዥ መዛወሪያ ደረሰን። የእኔስ ይሁን። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ከሞት ሲያወጣ የኖረን ሰው፣ እጁ ስለተንቀጠቀጠ የአሮጌ ጎማ ጠባቂ አደረጉት። ይህን ይቅር አላልኩም፤ አልልምም።