በበርበሬ በረንዳ የደረቀ ዓይን

ተንኮል ከዓይን ያስታውቃል ይላሉ። አያስታውቅም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች በርበሬ በረንዳ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ቢያዩ ጥሩ ነበር። እዚያ ገዢው ያለቅሳል፣ ተሸካሚው ያለቅሳል፣ ግብር ሰብሳቢው ሳይቀር ያለቅሳል። ማንም አዝኖ አይደለም፤ የበርበሬ ዛላ ጆንያ እየተራገፈ ነው።

አንዲት ነጋዴ ግን ዓይኗ እንባ አያውቅም ነበር። ባሏ ማታ ራቱን በልቶ ተኛ፤ ጠዋት አልተነሳም። በቀብሩም አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ተራው በሙሉ «ምን አብልታው ይሆን?» እያለ ያንሾካሽካል። ፊት ለፊት የጠየቃት የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እርድ የሚሸጡት ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ እንሰማ ነበር። እኔ የምኖረው ከገበያው ጀርባ ነው፤ ሚጥሚጣ ልገዛ እወጣና እዚያው እቀራለሁ። በድራማው አንድ ሀብታም ተመርዞ ሞቷል፤ የተጠረጠረችው ሚስቱ ናት። ያን ቅዳሜ መርማሪው ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«እሷ ናት!» አሉ ሽማግሌው በደስታ። «ይቺ ብልጥ! እንባዋን እኮ እንደ ቧንቧ ነው የምትከፍተው።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የተጠረጠረ ሰው ገዳይ ሆኖ አያውቅም። ደራሲዎች እንዲያ አይጽፉም» አልኩ። አስተያየቴን የጠየቀኝ አልነበረም።

«አንተን ደግሞ መጽሐፍ አበላሸህ። በላችው ስልህ!»

ያኔ ያቺ ነጋዴ፣ ከጆንያዋ ኋላ ግድግዳውን እንደተደገፈች፣ «ባታለቅስ ኖሮስ ምን ይሏት ነበር ጋሼ?» አለች።

ሽማግሌው ማን እንደጠየቃቸው ዞር ብለው ሳያዩ፣ «እሱማ አለቀላት! ባሏ ሞቶ ላላለቀሰች ሴት ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዞሩ። ሳቃቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

«ስለ ድራማው እኮ ነው፣ እህቴ።»

«እሺ» አለች።

ሬዲዮው ብቻ ማልቀሱን ቀጠለ።

ስንት ገዳይ በመጽሐፍ አውቄያለሁ፤ ያቺን «እሺ» ግን መመዘን አቃተኝ። ተስፋ የቆረጠ ንጹሕ ሰው እንዲያ ይላል። ገዳይም እንዲያ ይላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታዋን ለቃ ሄዳ ነበር፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። «መሄዷ ራሱ ይመሰክራል» አሉ ጎረቤቶቿ። ብትቀር ኖሮ መቅረቷ ይመሰክር ነበር። ግድግዳው በበርበሬ ብናኝ ቀልቷል፤ እሷ ትደገፍበት የነበረው ብቻ የጀርባዋን ቅርጽ ይዞ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አዲሷ ተከራይ የማንንም ታሪክ አታውቅም፤ እዚያ ግን አትደገፍም። እኔም ባለፍኩ ቁጥር ያ ጀርባ ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኛል።

ድራማው በዚያው ቀን አለቀ። መርማሪው የገዳዩን ስም ሊጠራ ሲል ተነስቼ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ወሬውን ባነሱ ቁጥር ጆሮዬን እደፍናለሁ። በሬዲዮዋ ሚስት ላይ ከተፈረደ፣ የተራው ሰዎች በዚህችም ላይ እንደተፈረደ ይቆጥሩታል። ያቺ ነጻ ብትወጣ ግን ይቺን ነጻ የሚያወጣት የለም።

መጨረሻውን ሰምተህ ከሆነ አትንገረኝ።