ኮት በግራ እጁ የሚቀበለው ሰው

ይህ የሆነው ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ ጌታሁን ካረፈ አምስተኛው ወር ነበር። ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ እኔ ግን በቀን ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ስለምጽፍ ገና አሁን መጨረሴ ነው። ያን ቀን የማልረሳው፣ ባሌን ከቀበርኩት በኋላ አንዴ ያየሁት ስለመሰለኝ ነው።

ጌታሁን የሚወደው አንድ የድሮ የአሜሪካ ፊልም ተዋናይ ነበረው። ስሙን ብጽፈው የሚያውቀው አይኖርም። ጌታሁንም «ወዳጄ» ነበር የሚለው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ፊልም ሲሠራ አንድም ቀን ዋና ሰው ሆኖ አያውቅም። በወጣትነቱ የመጠጥ ቤት አሳላፊ፣ ቴሌግራፍ ተቀባይ፣ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር። ፀጉሩ ሲሳሳ ዳኛና ዘግይቶ የሚደርስ ሐኪም አደረጉት። ሲያረጅ ደግሞ በቴሌቪዥን የሰው አያት ሆነ። ዋናው ተዋናይ ልጅቷን በፈረስ አፈናጦ ሲሄድ፣ ወዳጃችን ብርጭቆ እየወለወለ ይቀራል። ስሙ የሚወጣውም መጨረሻ ላይ፣ ተመልካቹ ኮቱን መልበስ ሲጀምር ነው።

ጌታሁን ይህን ሰው ያወቀው አዲስ አበባ፣ ተማሪ ሳለ ነው። በኋላ ለትምህርት ፍራንክፈርት መጣ፤ አገር ሲታመስ እዚሁ ቀረ። የጀመረውን ምህንድስና ሳይጨርስ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ሆነና በዚያው ጡረታ ወጣ። «ወዳጄ በሩን ሳይከፍት ዋናው ሰው አይገባም፤ እኔም ሳልጭን አውሮፕላኑ አይነሳም» ይለኝ ነበር። ይህን ሲል እየሳቀ ነው።

ለወዳጁ ሥራዎች ደብተር ነበረው። በአንድ በኩል የፊልሙ ስም፣ ቀጥሎ የሰውየው ሥራ፣ ቀጥሎ ስንት ደቂቃ እንደታየ፣ መጨረሻ ላይ «ሞተ» ወይም «አልሞተም» ይላል። ሁሉም መስመር ሞልቷል፤ አንዱ ብቻ ስሙ ተጽፎ ሌላው ባዶ ነው። በልጅነቱ አንድ ጊዜ አይቶት ከዚያ በኋላ ያላገኘው ፊልም ነው። «እሱን አብረን ያየን ቀን ትስቂብኛለሽ» ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አይነግረኝም። ኦስትኤንድ ሰፈር ውስጥ የቆየ ፊልም የምታሳይ ትንሽ ሲኒማ ቤት አለች። ተመልካች ማየት የሚፈልገውን ጽፎ የሚከትባት ሳጥን አላት። ጌታሁን በየዓመቱ ያንኑ ፊልም ጽፎ እዚያ ይከት ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ወደ ቤት ስመለስ፣ ቁልፌን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ጌታሁን በሩን ይከፍታል። ቀኝ እጁን ወደ ላይ ከፍ ያደርግና በግራው ኮቴን ይቀበለኛል። ከዚያ ድምፁን ጎርነን አድርጎ «ግቢ፣ ግቢ፤ እሳቱ አልጠፋም» ይላል። ቤታችን ዞሰንሃይም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ያለን ሃይሱንግ፣ የግድግዳ ማሞቂያ ነው። እሳት የሚባል ነገር የለም። እኔም ከዓመታት በኋላ መጠየቅ ተውኩ።

መጠየቅ ያልተዉት እትዬ ደስታ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን እናት፣ ጎረቤታችንም ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል። ለእሳቸውም በሩን እንደዚያው ነበር የሚከፍትላቸው።

«አንተ፣ ሰው ከታላቁ በግራ እጁ ይቀበላል?» ይሉታል።

«ቀኙ ሥራ ይዟል፣ እትዬ። ይግቡ፣ ይግቡ።»

«አሳዳጊ የበደለው» ይሉና ይገባሉ። ቀኝ ትከሻውን ሻንጣ ጎድቶት እጁን የሚያፍታታ ይመስለን ነበር።

ሰው ሲሞት በስሙ የሚመጣው ደብዳቤ አይቆምም። ሁሉም የሞት ማስረጃ ላኪ ይለኛል። በመጋቢት ከሲኒማ ቤቷ የመጣችው ካርድ ብቻ ምንም አልጠየቀችኝም። የተመኘኸው ፊልም ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ይታያል፣ ድምፁ እንደ ጥንቱ በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ የጀርመንኛ ጽሑፍ አለው፣ ና ትለዋለች። ካርዷን ሳምንቱን ሙሉ ደብተሩ ውስጥ አኖርኳት። ጥቁር እንደለበስኩ ነኝ፤ ዓመቱ ገና ነው፤ ለዚያውም ዐቢይ ጾም ነው። ባሏን ቀብራ ሲኒማ ገባች ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ያ መስመር ባዶውን ቢቀርስ? ፊልሙ ሌላ ጊዜ አይመጣም። ቅዳሜ ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ሮደልሃይም ጣቢያ ኤስባን የሚሉትን የከተማ ባቡር ስጠብቅ ከኋላዬ ተጠራሁ። እትዬ ደስታ ነበሩ።

«ወዴት ነሽ፣ ብርቄ?»

«ቴርሚን አለኝ፣ እትዬ።»

«የምን ቀጠሮ?»

«የዓይን ሐኪም።»

«ቅዳሜ?»

«ይሄኛው ቅዳሜም ይሠራል።»

ትንሽ አዩኝ። «በይ እንሂድ» አሉ። «ሐዘንተኛ ብቻዋን ሐኪም ቤት አትሄድም። ያንን ጠብታ ዓይንሽ ውስጥ ቢያደርጉብሽ ማን መርቶሽ ይመለሳል?»

አይሆንም ብል አልሰሙኝም። መንገዱን ሙሉ ስለ ዓይን ሞራ አወሩልኝ። ኦስትኤንድ ወርደን ስንሄድ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ በየጥጉ እየቆሙ «ገና ነው?» ይሉኛል። ሲኒማ ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ውሸቱን መቀጠል አቃተኝ።

«እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። ካርዷንና ደብተሩን አውጥቼ፣ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

በሩ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አዩት። «ይሄ ሽጉጥ የያዘው ነው የጌታሁን ወዳጅ?»

«አይደለም። የሱ ሥዕል የለም።»

«ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል፣ ጸሎት ይደረጋል። ፊልም ሲታይለት ያየሁት ለጌታሁን ብቻ ነው» አሉ።

«እንመለስ?»

«እግሬን እዚህ ድረስ አስጎትተሽኝ? ግቢ።»

ትኬት የምትቆርጠው ጀርመናዊት ሴት ካርዷን አየች፤ ከዚያ ጥቁር ልብሴን አየች። ስለ ጌታሁን አልጠየቀችንም። ይዛን ገባችና «ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ፣ ዳር ያለችው የእሱ ናት» ብላ ወንበሯን አሳየችን። እሷን ባዶ ትተን አጠገቧ ተቀመጥን።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰው በታየ ቁጥር እትዬ ደስታ «ይሄ ነው?» ይሉኛል። «አይደለም።» «ይሄስ፣ ባለ ጺሙ?» «እሱም አይደለም።» ከፊታችን ያለው ሰውዬ ዞሮ ሲያየን «ፊትህን አዙር አንተ፣ ሐዘንተኛ ናት» አሉት በአማርኛ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ዞረ።

ከዚያ አንዲት ሴት በዶፍ ዝናብ ወደ አንድ የእንግዳ ማረፊያ መጥታ በር አንኳኳች። በሩ ተከፈተ። ቀጭን ሰው ነው፤ ገና ወጣት ነበር። ደረጃው እንዲታያት በቀኝ እጁ ፋኖስ ከፍ አድርጎ ይዟል። በግራው የረጠበ ኮቷን ተቀበላት፤ በጎርናና ድምፅም አንድ ነገር አላት።

እትዬ ደስታ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ከሥር ያለውን ጽሑፍም አያነቡም። ክንዴን ጨብጠው «ጌታሁን» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ ፋኖስ ይዞ ነው። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ተቆጣሁት።»

«ምን አላት?» አሉኝ ቆይተው።

«ግቢ፣ ግቢ፤ እሳቱ አልጠፋም አላት።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ትስቂብኛለሽ እንዳለኝ ሳቅኩ፤ አፌን በእጄ ያዝኩ። ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስገባ፣ ባሌ መንገድ እያበራልኝ ነበር፤ እኔ ግን ትከሻውን ሳሽለት ኖሬአለሁ። እትዬ ደስታ የነጠላቸውን ጫፍ በራሴ ላይ ጣል አደረጉልኝና «ሳቂ ልጄ፣ ጨለማ ነው» አሉኝ።

ሰውየው በማግስቱ ጠዋት የደረቀውን ኮት ለሴትየዋ መለሰላትና ከዚያ በኋላ አልታየም።

«የት ሄደ?» አሉ እትዬ።

«የሱ ድርሻ አልቋል።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

«ስሙን።»

ስሙ እስኪወጣ ጠበቅን። ከታች ሁለተኛው ነበር።

ስንመለስ እትዬ ደስታ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብለው አስጠነቀቁኝ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ለሴቶቹ ሁሉ ተረኩላቸው፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው እያሳዩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም።

ደብተሩን ወዲያው አልሞላሁትም። ተቀይሜው ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ማለቱ ከበደኝ። በኋላ ግን ሲደብቀኝ ሳይሆን ሲያቆይልኝ እንደነበር ገባኝ። የሰውየው ሥራ በሚጻፍበት ቦታ «የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት» ብዬ ጻፍኩ። ደቂቃውን ማየት ረስቼ ስለነበር «አጭር» አልኩ። የመጨረሻውን ለመጻፍ ቀናት ፈጀብኝ። የጌታሁን ደንብ አንድ ነበር፦ ሲሞት ካላሳዩት አልሞተም። «አልሞተም» ብዬ ጻፍኩ።

አብረን ባለማየታችን አሁንም ይቆጨኛል። ወደ ባዶ ቤት ስመለስ በሩን ራሴ መክፈቴም አልቀለለኝም። ግን እንደ ሐዘኑ ሰሞን ደጃፉ ላይ ቁልፍ ይዤ ቆሜ አልቀርም፤ እገባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲጥል እትዬ ደስታ ሊጠይቁኝ መጡ። በሩን ከፍቼ፣ ሳላስበው በግራ እጄ ኮታቸውን ተቀበልኩ። ደንግጬ ቀኜንም ልጨምር ስል፣ እሳቸው ከደፉ ላይ አልንቀሳቀስ አሉ።

«ፋኖሱን ከፍ አድርጊው እንጂ» አሉኝ። «እንዴት ልግባ፣ አይታየኝም።»