የመስመሩ ጫፍ

በሁለት ጣቶቿ የታብሌቱን መስታወት እየገፋች፣ ፊደሎቹ የሸሚዝ ቁልፍ እስኪያህሉ ድረስ ገጹን አጎላችው። ቀኑን ሙሉ በሆስፒታሉ የልብስ ክፍል የተቀደደ አንሶላ ስትጥፍ ውላ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ይመስላታል። ፊደሉ ሲያንስ ይደባለቅባታል፤ ሲያድግ ደግሞ የመስመሩ ጫፍ ከመስታወቱ ውጭ ይቀራል።

"ጀምሪ እንጂ፣ እቴ" አለ ታላቅ ወንድሟ አልጋው ላይ እንደተጋደመ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ቀኑን የሚገፋው ከሥራ መልስ የምታነብለትን እየጠበቀ ነው።

መጽሐፉ የመርከበኛ ታሪክ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ገጹን ወዲያና ወዲህ መጎተት ስለታከታት፣ የጎደለውን ጫፍ ከራሷ መሙላት ጀምራለች። ለአንድ ቃል ብላ የጀመረችው ውሎ አድሮ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሆነ።

"ካፒቴኑም መርከቡን ወደ ወደቡ አስጠጋ" ብላ አነበበች።

"የትኛውን መርከብ?"

"የራሱን ነዋ፣ ጋሼ።"

"ትናንት ሸጦት አልነበር እንዴ?"

እጇ መስታወቱ ላይ ቀረ። ይህ ሰው እሷን ካላመነ በማን ዓይን ያነባል? ሌላ ውሸት ልትደርብበት አሰበች፤ ለዚያም አቅም አጣች።

"አልሸጠውም። የሸጥኩት እኔ ነኝ" አለችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

የወንድሟ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። "እኔ እኮ ደራሲው የጃጀ መስሎኝ አዝኜለት ነበር። ሚስቱንም የገደልሻት አንቺ ነሽ?"

"እሷንስ ደራሲው ነው።"

"እንግዲያው ከራስሽ ስትጨምሪ አንዴ ሳል በይልኝ፤ እለየዋለሁ። ነገ ግን ታብሌቱን ልጅቷ ጋ ውሰጂው።"

ልጅቷ ኮምፒውተር ቤት የምትሠራ የእህታቸው ልጅ ናት። "አክስቴ፣ ይሄ እንደ ፎቶ የተነሣ ገጽ ነው፤ ቢጎላ አይታጠፍም። መስመሩ በስክሪኑ ስፋት ልክ የሚታጠፍ ፋይል እጭንልሻለሁ፤ ታብሌቱን ብቻ አምጪልኝ" ካለቻት ሰንብታለች። ነገሩ ያኔውኑ ገብቷት ነበር፤ የረዘመ ጨርቅ ይታጠፋል እንጂ ጫፉ ተቆርጦ አይጣልም።

በማግስቱ ታብሌቱን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ከሥራ ስትወጣ ወደ ልጅቷ ሰፈር የሚሄደው አውቶቡስ ጢም ብሎ መጣ። ሰልፉን አየች፤ ጉልበቷን ዳበሰች። እግሯ ወደ ቤት ዞረ።

አመሻሹ ላይ እንደ ልማዷ አነበበችለት። አንድ ገጽ ሳትጨርስ ደጋግማ ሳለች።

"ዛሬስ ጉንፋኑ በርትቶብሻል" አለ ትራሱን እያመቻቸ።

"ነገ አደርሰዋለሁ፣ ጋሼ" አለችው፤ ብላም ሳለች።