ዘይት አፍስሶ የማያየው ሜካኒክ

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮው» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና ባለቤቱ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። በጋራዡ ግቢ ሞተር የሚሠራው ሌላ ነው፣ ፍሬን የሚሠራው ሌላ፤ ማርሽ እምቢ ያለው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ የሚያቃስት መኪና ግን ተጎትቶም ቢሆን ወደ እሱ ይመጣል። እኔ ግድግዳ በምንጋራው ጠባብ ሱቅ ውስጥ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ግድግዳውን ራሱ ሰርስሮ መስኮት አውጥቶለታል፤ ዕቃ ሲፈልግ በዚያ በኩል የጠቆረ እጁን ሰድዶ «ሚጣ» ይለኛል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች ድሬያለሁ፤ ለሱ ግን እስከ ዛሬ ሚጣ ነኝ።

ጆሮው ዱሮም ጆሮ ነበረው። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እኛ ምንም ሳንሰማ ወንድሜ ቀና ብሎ «አባዬ ድልድዩ ጋ ማርሽ ቀየረ» ይላል፤ እናታችንም ቃሉ ጠብ አይልም ብላ ምሳውን ታወጣለች። ሳህኑ ሳይቀዘቅዝ አባታችን በር ላይ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ጋራዥ ገባ፣ ከዚያም አልወጣም።

የሥራ ወጉ እንዲህ ነው። ሳይነዳው ካምቢዮ አይከፍትም። ራዲዮ ይጠፋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ የመኪናው ባለቤት ጎኑ ይቀመጣል፣ ከዚያ ጆሮው አመልካች ጣቱን ቀጥ አድርጎ ያነሳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስኪመለሱ ድረስ ትንፍሽ የሚል የለም። አንድ ነጋዴ መንገድ ላይ ስልክ አንስቶ ቢያወራ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ያለው ቁልቁለት ላይ አውርዶት፣ ሰውየው በእግሩ ተመልሷል። መኪናው የራሱ የሰውየው ነበር። ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስም ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው፤ ጆሮው በሽታውን አግኝቶ ይጠብቀው ነበራ።

ሱቁን ስከፍት ለሰው የማይሆን ዕቃ እንዳልሸጥ ብሎ ሦስት ነገር አስተምሮኛል። መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ በፎሌ ሞተሩን አስነሺ። ፍሪሲዮን ስትረግጪ የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮው ውስጥ ነው። ስትረግጪ የሚመጣ ድምፅ ከራሱ ከፍሪሲዮኑ ነው። ብትረግጪም ባትረግጪም የማይለወጥ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ሌሎቹ ሜካኒኮች ግን ይህን ሁሉ ትተው ከሥር ገብተው የካምቢዮውን ዘይት ያፈስሳሉ፤ ብረት ካለበት ውስጡ ተበልቷል ይላሉ። ጆሮው በዚህ ይስቅባቸዋል። በሽተኛውን ሳይጠይቁ ሆዱን የሚቀድዱ ሐኪሞች ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የካምቢዮ ዘይት የሚያፈስሰው ሊቀይር እንጂ ሊመረምር አልነበረም።

ታዲያ ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ነገር መጥቷል። በግድግዳው መስኮት የሚሰማኝ የራዲዮው ድምፅ ከቀን ቀን ከፍ እያለ መጣ። ባለቤቱ ሱቄ መጥታ፣ ጣሪያው ያፈሳል ስለው እሺ ይለኛል፣ ልጃችን ታማለች ስለውም እሺ ይለኛል ብላ አማረረች። ቀለም ቀቢውና በያጁ እርስ በርስ ይጠቃቀሱ ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወሬው ግቢውን ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ ጋ አልደረሰም። ልነግረው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ግን ሰውየው ያለው እኮ ይኸው ጆሮው ነው፤ እሱን ከወሰድኩበት ምን ልተውለት ነው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። ፈሪ ነበርኩ ማለት ይቀላል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የጤና ጣቢያው አዋላጅ መጣች። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። መኪናዋ ከእሷ በዕድሜ ትበልጣለች፤ አራቱም ጎማ የሚጎትትላት፣ የወለሉ ምንጣፍ ተበልቶ ብረቱ የወጣ ጠንካራ አሮጊት ናት። ከተራራው ማዶ ያሉት መንደሮች የሚደረስባቸው እንደሷ ባለ መኪና ብቻ ነው። መንገዱ አንድ ረጅም ቁልቁለት ነው፣ በአንድ ወገን ገደል። ቁልቁል ስትወርድ፣ እግሯን ከነዳጁ ስታነሳ፣ ሦስተኛው ማርሽ ብድግ ብሎ ይወጣና መኪናዋ በፎሌ ትንደረደራለች። በማግስቱ ጠዋት መሄድ አለባት፤ ሁለት ሴቶች ቀናቸው ደርሷል።

ጆሮው ከሥር ገብቶ ካምቢዮውን በብረት ዘንግ ወደ ላይ ገፋው። ብድግ አለለት። ካምቢዮው የሚቀመጥበት ወፍራም ጎማ ለሁለት ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ቁልቁለት ላይ ሳጥኑ ከነማርሹ ይንሸራተታል፣ ማርሹም ይወጣል። አዲሱን ጎማ በመስኮቱ አቀበልኩት። ከቀትር በኋላ ሊሞክራት ሲወጣ መናኸሪያ የማደርሰው ፊልትሮ ስለነበረኝ ከኋላ ተሳፈርኩ። ሲስተር ከፊት ተቀመጠች። ጣቱ ተነሳ።

መሰንጠቂያው ጀርባ ያለውን ቁልቁለት በሦስተኛ ወረድን። ማርሹ ንቅንቅ አላለም። ሲስተር ድምፅ ሳታሰማ ሳቀች። ከታች ሜዳው ላይ አቆመና በፎሌ አደረጋት፤ እኔም ያን ጊዜ ሰማሁት። ቀጭን ፉጨት ነው፣ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት። ፍሪሲዮን ረገጠ፤ ጠፋ። ለቀቀ፤ መጣ። ድምፅ ሲሰማ እንደ ልማዱ አንገቱን ዘንበል እስኪያደርግ ጠበቅኩ። ድጋሚ ረገጠ፣ ድጋሚ ለቀቀ። አንገቱ ቀጥ እንዳለ ነው። «ድናለች» አለና መኪናዋን አዞራት።

ጣቱ ተነስቶ ስለነበር ዝም አልኩ ብል ግማሽ እውነት ነው።

ሲስተር ቁልፏን ተቀብላ አመስግና ሄደች። እኔ ሱቄ ተመልሼ ለአንዱ ደንበኛ የማይሆን ቺንጊያ ሰጠሁት፣ ለሌላው ደግሞ የጠየቀውን ረሳሁ። ካምቢዮው ውስጥ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተበልቶ ነው የሚያፏጨው፤ ያ ኩሽኔታ ቁልቁለቱ መሀል ተሰብሮ ዘንጉን ቢይዘው ጎማዎቹ ይታሰራሉ። በአንድ ወገን ገደል ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ወንድሜ «ድናለች» ብሏል፣ የሱን ቃል የሚመልስ ሰው ደግሞ በግቢው የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከራሴ ጋር ስጣላ ቆይቼ በመስኮቱ አንገቴን አሰገግኩ።

«ጋሼ፣ ያ ፉጨት ምን ነበር?»

«የቱ ፉጨት?»

የቀለድኩ መስሎት ነበር። ከዚያ ፊቴን አየ።

«በፎሌ ሳለች ነው» አልኩት። «ፍሪሲዮን ስትረግጥ ጠፋ፣ ስትለቅ መጣ።»

መጀመሪያ ተቆጣ። ስለ ካምቢዮ ምን ታውቂያለሽ፣ አንቺ ዕቃ ሻጭ ነሽ አለኝ። ያስተማርከኝን ነው የነገርኩህ አልኩት። እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ፣ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው።

«ሌላስ የማልሰማው ምን አለ?»

ራዲዮውን ነገርኩት፣ ባለቤቱን ነገርኩት፣ በያጁንና ቀለም ቀቢውን ነገርኩት። ሁለት ዓመት ያፈንኩት ነገር አንዴ ከጀመረ አልቆም አለኝ። ሳልጨርስ እንባዬ መጣ፤ እሱ ግን ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

ጤና ጣቢያው ሦስት መንገድ ማዶ ነው። ከፊት ከፊቴ ሄደ፣ ሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ሲስተር ግቢው ውስጥ የመድኃኒት ካርቶኖች ወደ መኪናዋ እየጫነች ነበር። ዘበኛውና ሁለት ነርሶች ያግዟታል። ወደ ጎን ጠርቶ በለሆሳስ ይነግራታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁሉም ፊት ነገራት።

«ሲስተር፣ ያልሰማሁት ነገር አለ። መኪናዋ እንዳትሄድ።»

እሷ ካርቶኑን እንደታቀፈች ቆመች።

«ፉጨቱን ነው? እሱ እኮ ወር አልፎታል። ዛሬ እርስዎ ዝም ሲሉ ጠባይዋ ነው ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

ሦስት ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ሁለታችን ሰምተናል። ያልሰማው እሱ ነበር፣ እኛም እሱን አምነን ዝም አልን። ጆሮው ይህን እንደ ተረዳው ከትከሻው አየሁ። ዝም በሉ ያለን ራሱ ነው።

መኪናዋን መልሶ ጋራዡ አገባት። ግቢው ሁሉ እያየ ከሥር ሰሃን አደረገ፣ የካምቢዮውን ብሎን ፈታና ዘይቱን አፈሰሰ። «ጆሮው ዘይት አፈሰሰ» የሚለው ወሬ ከዘይቱ ቀድሞ በያጁ ጋ ደረሰ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ብዬ ምላሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ የምለውን አውቅ ነበር። አልተነፈሰም። ብሎኑ ጫፍ ላይ ያለው ማግኔት የብረት ጸጉር አብቅሏል። ወንድሜ ዘይቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸት አሸት አደረገ። የብረት ብናኙ ይሰማው ነበር፤ ጣቱ ገና አልከዳውም። ለበያጁም እጁን ዘርግቶ አሳየው።

ካምቢዮው ሲከፈት ከፊት ያለው ኩሽኔታ ኳሶቹ ተፈልፍለዋል፣ የያዛቸው ቀለበት በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ለመበጠስ የክር ያህል ቀርቶታል። አንዷን ኳስ ሲስተር መዳፍ ላይ አስቀመጠላት። ሲስተር አየቻትና ጣቶቿን ከደነችባት። በማግስቱ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በተዋሰችው መኪና ሄዳ ሁለቱንም ሴቶች በሰላም አገላገለች።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ኩሽኔታ የገባላትን አሮጊት ልንሞክር ሦስታችንም ተሳፈርን። እኔ ፊልትሮ የማደርስበት ቦታ አልነበረኝም፤ ነይ ብሎኝ ነው። ራዲዮ ጠፋ፣ መስኮት ተዘጋ። ቁልቁለቱን ወረድን፣ ሜዳው ላይ አቆመ፣ በፎሌ አደረጋት። ጣቱን አላነሳም።

«ተናገሩ እንግዲህ» አለ።

ሲስተርና እኔ ተያየን። እሱ በሚነዳው መኪና ውስጥ መናገር የት ለምደን። ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ለቀቀ።

«ሚጣ፣ አሁንስ?»

«የለም፤ ጠፍቷል» አልኩ።

ድጋሚ ረገጠ፣ ድጋሚ ለቀቀ። አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ግን ወደ ማርሹ አልነበረም፤ ወደ እኔ ነው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ወንድሜ ስለ መኪና ድምፅ ማንንም ሰው እርግጠኛ ነህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

«እርግጠኛ ነኝ፣ ጋሼ» አልኩት፣ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።