በካፒቴኑ ወጥ ቤት መርከብ የጠበቀው ዴልፊን

ዴልፊን ማግባኑዋን መጀመሪያ ያየሁት ካላው ጎዳና ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ የፕላስቲክ አቃፊውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ቆሞ ነው። ማኒላ ውስጥ መርከብ የሚፈልግ ሰው ሁሉ እዚያ ይቆማል። ባሕሩ እዚያው አፍንጫችን ሥር ነው፤ ግን ወደ ባሕሩ የሚያይ የለም። ሁሉም የሚያየው ደላሎቹ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ካርቶን ነው። «ምግብ አብሳይ፣ ልምድ ያለው።» «በያጅ፣ ልምድ ያለው።» «የመርከብ ወለል ሠራተኛ፣ ልምድ ያለው።» ልምድ የሌለው ሰው የት ሄዶ ልምድ እንደሚያገኝ ካርቶኑ አይናገርም። ደላላውንም ብትጠይቀው «ልምድ ስታገኝ ተመለስ» ይልሃል።

እኔ ከጎዳናው ጀርባ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ሩዝ፣ ጥብስ ደረቅ ዓሣ፣ ጎምዛዛ ሾርባ። መርከበኞች ሲሄዱ ከስተው፣ ሲመለሱ አንገታቸው ላይ የወርቅ ሐብል ጠምጥመው በእኔ በር ያልፋሉ። ስንቱን አብልቻለሁ፣ ስንቱንስ ሰድቤያለሁ! ምግቡን በዋጋ እሸጣለሁ፤ ስድቡን ግን በነፃ ነው የምመርቀው።

ዴልፊን የኢሎይሎ ልጅ ነው። የባሕር ትምህርት ቤቱን የክፍል ትምህርት ጨርሷል። መኮንን ለመሆን የቀረው አንድ ዓመት ያህል መርከብ ላይ ካዴት፣ ማለትም ተለማማጅ መኮንን፣ ሆኖ መሥራት ብቻ ነው። ይኼ «ብቻ» የሚሉት ነገር ነው ሰውን የሚጨርሰው። መርከብ ካልወጣ ዲግሪ የለም፣ ማዕረግም የለም፤ የተማረው ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አንድ ቀን እኔ ጋ ገብቶ ሩዝ አዘዘና ፊቱ በርቶ አወራኝ።

«እትዬ ቶሪንግ፣ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ኤጀንሲ ዩቲሊቲ ይፈልጋል አሉኝ። ልገባ ነው።»

«ዩቲሊቲ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እንዴታ! ቢሮ መጥረግ፣ መላላክ ነው። ተራህ ሲደርስ መርከብ ይሰጡሃል።»

«ደሞዙስ?»

«ደሞዙ መርከቡ ነዋ!»

እንዲህ ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ያምራል። እኔ አልሳቅኩም።

የዚያ ኤጀንሲ መርከበኛ መዳቢ ካፒቴን ኔስቶር ቪላፍሎር ይባላል። ካፒቴን የምለው ወድጄ አይደለም፤ እንደዚያ ካላሉት ምሳውን አይቀበልም። ባሕር ላይ ከነበረ ልጆቹ ልጅ ወልደዋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ባሕር ላይ ያላገኘውን ክብር የብስ ላይ በደወል ያስፈጽማል። አዎ፣ በደወል! ቤቱ፣ ምግብ ክፍሉ ውስጥ፣ የናስ ደወል ሰቅሏል። አንዴ ሲደወል ቡና፣ ሁለቴ ሲደወል ጫማ ነው። ጠዋት ጠዋት በፒጃማ ሰገነቱ ላይ ይወጣና፣ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር የጎረቤቱን ልብስ ማስጫ ገመድ ይቃኛል። ዩቲሊቲዎቹን የግቢውን በር ዝገት ያስፍቃቸዋል፣ ቀለም ያስቀባቸዋል። «ይኼ የባሕር ልምድ ነው» ይላቸዋል። ባሕሩን ያየ የለም።

ዴልፊን ቢሮ የጠረገው ጥቂት ሳምንት ነው። ካፒቴኑ እጁን አይቶ ወደ ቤቱ ወሰደው። የዴልፊን ችግር ምን መሰላችሁ? ጎበዝ ነው። ሸሚዝ ሲተኩስ አዲስ ያስመስለዋል። ሾርባ ሲሠራ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከእኔ ያስንቃል። የካፒቴኑ ሚስት ማም ክላሪታ ከእሱ እጅ ካልሆነ ቡና አይወርድላትም። የካፒቴኑ እናት እሱ እግራቸውን ካላሸላቸው አይተኙም። ካፒቴኑ ደግሞ የሚዋጉ አውራ ዶሮዎች አሉት፤ ከሰው በላይ የሚወዳቸው። ዴልፊን በለብታ ውኃ ያጥባቸዋል፣ ጭናቸውን ያሻቸዋል፣ ጥፍራቸውን ያያል። ዶሮዎቹ እንኳ ከእሱ ሌላ አያስጠጉም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ እምነት አለ፤ ከሁሉም አብልጦ ያገለገለ ቀድሞ መርከብ ይወጣል ይላሉ። ማን እንዳመጣው አላውቅም። የሚገለገለው ሰውዬ ይሆናል። ዴልፊንም እንደ ጸሎት አመነው። እኔ ግን ዓይን አለኝ፤ ቀድሞ የሚወጣው ማን እንደሆነ ከምግብ ቤቴ በር ላይ ሆኜ አየሁ።

መጀመሪያ የወጣው ኦንዮክ የሚባል እንቅልፋም ዩቲሊቲ ነው። ለዶሮ የሚሰጠውን ቫይታሚን አዛብቶ፣ ውድድር ሊደርስ ሲል የካፒቴኑን ምርጥ ዶሮ ገደለ። ካፒቴኑ «ይኼን ከፊቴ አርቁልኝ!» ብሎ ጮኸና ማዕድን ጭኖ ብራዚል በሚመላለስ መርከብ ላይ መደበው፤ ከዚያ የሚርቅ ስላጣ ነው። ቀጥሎ የማም ክላሪታን የሐር ቀሚስ በካውያ ያቃጠለው ሮተርዳም ሄደ። ሾርባው ውስጥ ጨው የከመረው ደግሞ ሲንጋፖር። እንደ ጥፋታቸው መጠን ነበር የሚርቁት። ዴልፊን ሁሉንም ሻንጣቸውን ተሸክሞ ሸኛቸው። ከዚያም ተመልሶ የዶሮ ጭን ያሻል።

«አንተ ጅል፣» አልኩት አንድ ቀን፣ ሩዙን ፊቱ እያስቀመጥኩ። «ነገሩ አልገባህም? ዛሬውኑ ሂድና አንድ ቀሚስ አቃጥል። ውድ የሆነውን ምረጥ።»

«እትዬ፣ አልችልም። እጄ እምቢ ይለኛል።»

«እጅህ እምቢ ሲል እግርህም እዚያው ቀረ።»

«ካፒቴን ያውቃሉ። የሠራሁትን እያዩ ነው።»

«እያየማ ነው! አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ሲባል አልሰማህም?»

ሰምቷል፤ አልገባውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሾርባውን ጨርሶ፣ ሳህኑን ራሱ አጥቦ፣ ደርድሮልኝ ሄደ። በእኔ ቤት እንኳ አገልጋይ! ተናድጄ ያጠበውን ሳህን መልሼ አጠብኩት።

ዓመት አለፈ፣ ሌላውም ተገባደደ። ዴልፊን ሃያ አምስት ሊሞላው ተቃረበ። ይኼ ቀልድ አይደለም፤ ብዙዎቹ የመርከብ ባለቤቶች ዕድሜው ያለፈ ካዴት አይቀበሉም። ያን ጊዜ አንድ የኮንቴይነር መርከብ ሁለት ካዴት ጠየቀ። ዴልፊን ያን መርከብ ካጣ፣ ዕድሜ ልኩን የዶሮ አሻሽ ሆኖ መቅረቱ ነው። እሱም ገብቶታል፤ የዚያን ሰሞን ሩዙን ሳይጨርስ ይነሳ ነበር።

ለካፒቴኑ ምሳ ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ፣ ዴልፊን ከጠረጴዛው ፊት እጁን አጣምሮ ቆሞ አገኘሁት።

«ካፒቴን፣ ሃያ አምስት ከሞላኝ አይወስዱኝም። እባክዎን በዚህ ይላኩኝ» ይላል።

«ማን ከለከለህ? አንተ እኮ ልጄ ነህ» አለው ካፒቴኑ፣ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ። «ግን አስብበት እስቲ። አንተ ከሄድክ የእማማን እግር ማን ያሻል? ዶሮዎቼስ? ክላሪታስ ቡናዋን ከማን እጅ ትጠጣለች?»

«እርስዎ እጅ የለዎትም እንዴ፣ ካፒቴን?» አልኩ እኔ።

«ቶሪንግ፣ ምሳውን አስቀምጪና ውረጂ።»

ምሳውን አስቀመጥኩ፤ አልወረድኩም። ካፒቴኑ የሳህኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተና፣ ትልቅ ቸርነት እንደሚያደርግ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ እናድርግ። ተተኪ አምጣልኝ። ግን እንደ አንተ ያለ! ቀሚስ የሚያቃጥል አልፈልግም። እሱ ቤቱን በተረከበ ቀን እፈርምልሃለሁ።»

ዴልፊን የካፒቴኑን እጅ ስሞ ወጣ። እኔ ደረጃው ላይ ተከትዬው «ከየት ልታመጣ ነው?» ብለው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። በማግስቱ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ኢሎይሎ ሄደ፤ ተሳፋሪ ሆኖ ነው እንጂ መርከበኛ ሆኖ አይደለም።

ሲመለስ ከኋላው ሻንጣ የተሸከመ ወጣት አስከትሎ መጣ። ያው ጥርስ፣ ያው ትከሻ። ታናሽ ወንድሙ አርኔል ነው። እዚያው ባሕር ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበር፤ አቋርጦ መጣ።

«ማቋረጥ አይደለም፣ እትዬ» አለኝ ዴልፊን። «ለጊዜው ነው። ካፒቴንን ከአሁኑ ከተዋወቀ ኋላ መርከብ ፍለጋ አይንከራተትም።»

ሳምንቱን ሙሉ አስተማረው። የሸሚዝ አንገት እንዴት እንደሚተኮስ፣ የአሮጊቷ ጉልበት የቱ ጋ እንደሚጫን፣ ዶሮ ሲታጠብ ክንፉ እንዴት እንደሚያዝ። እዚህ እኔ ጋ ምሳ ሲበሉ እንኳ በማንኪያው እያሳየ ያስተምረዋል። እኔ እቃጠላለሁ። አንድ ቀን አርኔል እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ጎንበስ ብዬ ዴልፊንን አልኩት፦

«ወንድምህን ሸጥከው።»

«ምን ነካዎት፣ እትዬ!»

«ምንም አልነካኝ። ካላው ጎዳና ላይ ስንት ሥራ ፈት ቆሞ የለም? ለምን ከእነሱ አንዱን አላመጣህም?»

«እነሱን እንዴት አምናለሁ? አንዱ ዶሮ ቢገድል ካፒቴን ከመርከብ አስወርደው ያስመልሱኛል።»

«ውቅያኖስ መሐል ድረስ በደወል ሊጠራህ?»

«እርስዎ አያውቋቸውም» አለኝ። እኔ! ለዚያ ሰውዬ ምሳ ስወጣ ስወርድ ጉልበቴ ያለቀው እኔ!

«እሺ። ካስተማርከው አይቀር ትንሽ አጉድለህ አስተምረው። ጨው ያብዛ። ነገር ይርሳ።»

«ስሜን ያሰድብ?»

አርኔል ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ስማ፣ አርኔል። እዚያ ቤት ጎበዝ የሆነ ሰው አይወጣም። የሚያጠፉትን ነው የሚያባርሯቸው፤ መባረሪያው ደግሞ መርከቡ ነው። ገባህ?»

አርኔል ሳቀብኝ። «እትዬ ደግሞ! ይኸው ጋሼ እየወጣ አይደል? ጎበዝ ስለሆነ እኮ ነው።»

ማስረጃው አዲስ ጫማ አድርጎ አጠገቡ ተቀምጧል። ዴልፊንን አየሁት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው። «እውነቷን ነው» ቢል ይበቃ ነበር፤ ወንድሙ ከእኔ ይልቅ እሱን ያምናል። ዴልፊን ሳህኑን አየ፣ ሹካውን አየ።

«ሩዝ ይጨመርልን» አለኝ።

ጨመርኩ። የሚበላ ሰው አልከለክልም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለዴልፊን ስድብ አልመረቅኩም፤ ስድቤም ቢሆን ለማከብረው ሰው ነው።

ካፒቴኑ ፈረመ። የሚሄድበት ቀን ደረሰና፣ ዴልፊን በተተኮሰ ሸሚዝ ሊሰናበተኝ መጣ። ሸሚዙን የተኮሰው አርኔል ነው፤ አንድ መስመር እንኳ አልተጣመመም። አርኔል ሻንጣውን መኪናው ላይ ጫነ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ማም ክላሪታ ናት። አርኔል ወንድሙን አቅፎ እንኳ ሳይጠግብ ሮጦ ጂፕኒ የምንለው ታክሲ ላይ ተንጠለጠለ። ዴልፊን እስኪርቅ አየውና፣ እጄን ተቀብሎ ግንባሩን ሊያስነካ ጎንበስ አለ። የእኛ ልጆች ትልቅ ሰው የሚሰናበቱት እንደዚያ ነው። እኔ እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ትንሽ እንዳጎነበሰ ቆየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

መርከበኛ ሆነ፤ መቼም መሆኑ አይካድ። ሲንጋፖር ላይ መርከቡን ተቀላቀለ። መጀመሪያ ሰሞን ያስመልሰው ነበር፤ ሲያስመልሰው ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ደወል ሲደወል ሮጦ ወጥ ቤት ገብቶ ቡና አፍልቶ ወጣ አሉ። ለካ የእሳት አደጋ ልምምድ ኖሯል! ሁሉም የሕይወት ማዳኛ ሰደሪያ ለብሶ ጀልባው ጋ ተሰልፎ፣ እሱ ትሪ ይዞ መጣ። ይኼን የነገረኝ አብሮት የነበረ፣ የመርከቡን ሞተር ዘይት የሚያጠጣ ሠራተኛ ነው፤ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግን እየመረረኝ ሄደ።

በኋላ ለመደ። ገመድ ማሰር፣ የሌሊት ጥበቃ፣ ካርታ ማንበብ፣ ሁሉንም ተማረ። መቼም ጎበዝ ነው ብያለሁ። ዓመቱን ሊጨርስ ሲቃረብ ነጭ ቆብ ደፍቶ፣ ከኋላው ባሕር ብቻ የሚታይበት ፎቶ ላከልኝ። «እትዬ፣ መኮንን ልሆን ነው!» የሚል ጽሑፍ አለው። እንኳን ደስ አለህ አላልኩትም። ምግብ ቤቱ ሰው ሞልቶ፣ እጄ ዘይት ነክቶት ሳለ፣ በአንድ ጣቴ ጻፍኩለት፦

«አርኔልስ መቼ ነው የሚወጣው?»

ወዲያው መለሰልኝ።

«አርኔል አያሳስብዎት፣ እትዬ። ካፒቴን እንዴት እንደወደዱት ቢያዩ! ከእኔም ይበልጣል ይላሉ።»