ወይዘሮ ዓለምጌጥ ያልፈረሙበት ገጽ

ወይዘሮ ዓለምጌጥ ጠዋት ጠዋት ከልጅ ልጃቸው ጎን ሲቀመጡ መጀመሪያ እጃቸውን ያሻሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጣታቸው ገና በጠዋቱ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታዘዝ ይላል። ዳላስ አጠገብ፣ ሌዊስቪል ያለው አፓርታማቸው ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው አንዴ ከተነሣ የሚያባራ አይደለም። አሽተው አሽተው ሞቅ ሲላቸው እርሳሱን ለፅዮን ይሰጧትና ቀኝ እጃቸውን በእጇ ላይ ደፍተው ያዝ ያደርጓታል።

"በይ እንሂድ" ይላሉ። እርሳሱም ይሄዳል።

ፅዮን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣችው ባለፈው ጥር ነው። ሰንፋ አይደለም፤ ተረት ከነገሯት በሳምንቱ ቃል ሳትጥል ትመልሰዋለች። እርሳስ ስትይዝ ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ፊደሎቹ ከመስመሩ ይወርዳሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፣ ከመጨበጧ ብዛት የጣቶቿ ጫፍ ነጭ ይሆናል። ማባዛትም እንደዚያው ነው። ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት እንደሆነ ማክሰኞ ታውቃለች፣ ረቡዕ ከየትም አታመጣውም። በክፍሏ በደቂቃ ተይዞ የሚሞላ የማባዣ ወረቀት ነበር። ሌሎቹ ልጆች ጨርሰው ሲገለብጡ እሷ ገና ስሟን እየጻፈች ነው። ከዚያ የሆድ ሕመም መጣ፤ መጀመሪያ ሰኞ ሰኞ፣ ኋላ በየቀኑ። አንድ ቅዳሜ እናቷ ሐይማኖት ቦርሳዋን ልታጥብ ስታራግፈው ከሥሩ አሥራ አንድ እርሳስ ወጣ። ሁሉም ለሁለት ተሰብሯል።

ሐይማኖት ያን ሰሞን ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፋ ልጇን አስወጣች። "ቤት እናስተምራታለን" አለች። ግን እሷ ዳላስ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ የቀኑን ትምህርት ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፣ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታወልቅ ትተኛለች። ባሏ ግዛቸው የጭነት መኪና ይነዳል፤ ወጥቶ ሁለት ሳምንት ይቆያል። "እናስተምራታለን" የተባለው ሥራ በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ወይዘሮ ዓለምጌጥ ሲውሉ ሲያድሩ ነው የገባቸው።

እንግሊዝኛ አያውቁም። ታብሌቱ የሚለውን ፅዮን ትሰማለች፤ መልመጃውን ሐይማኖት ትመርጣለች። የእሳቸው ሥራ መቀመጥ ነው። ሲቀመጡ ደግሞ እጃቸው ዝም ብሎ አይቀመጥም። የፈረንጁን ፊደል ድምፁን ባያውቁትም ቅርጹን ለመዱት። አንዱ ሆዱ ወደ ቀኝ ነው፣ አንዱ ወደ ግራ፤ አንዱ ጅራት አለው። ልጅቷ ስትጨነቅ ካዩ እጇን ይይዛሉ። እሳቸውም የተማሩት እንዲሁ ነዋ።

የተማሩት በሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጋይንት፣ የመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ገበሬ ማኅበሩ በሠራው ዳስ ውስጥ። ባላቸው ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ፊደል ልቁጠር ያሰኛቸው የአማታቸው ልጅ ነው። ሰውዬው አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣና "እዚች ላይ አውራ ጣትሽን አሳርፊልኝ" አላቸው። ምን እንደሚል ጠየቁት። "ምንም አይልም፣ ወግ ነው" አለ። አሳረፉ። በክረምቱ ሊያሳርሱ ሲወጡ፣ የባላቸውን ድርሻ መሬት በፈቃዳቸው ለቀውለት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ነው አራስ ልጅ አዝለው ዳሱ የገቡት። አራሷ ሐይማኖት ነበረች። አስተማሪዋ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ እግር ነበረች፤ የእሳቸው እጅ ከመኮትኮቻ በቀር ስለማያውቅ፣ በላዩ ላይ እጇን ደፍታ "ሀ"ን አስኬደቻቸው። ያ ሙቀት እስከ ዛሬ ከእጃቸው አልወጣም። ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርመው ወደ ቤት የሄዱበትን መንገድ ድንጋይ በድንጋይ ያስታውሱታል።

የፅዮን ደብተር እያማረ ሄደ። የካቲት ላይ ፊደሎቹ መስመር ያዙ፣ ሚያዝያ ላይ ክብ ክቡ ዞሮ ገጠመ። ማባዣውም እየተቃና መጣ። ሐይማኖት ከእንቅልፏ ስትነሣ ደብተሩን ትገልጥና ፈገግ ትላለች። ፎቶ እያነሣች ለግዛቸው ትልክለታለች። እሱም ነዳጅ በቀዳበት ሁሉ ያየውን ሐበሻ ሾፌር ጠርቶ ያሳያል።

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሐይማኖት ወረቀት ይዛ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኗ ገና ከእንቅልፍ አልተላቀቀም።

"እማዬ፣ ያቺ የነገርኩሽ ትንሽ ትምህርት ቤት መልስ ሰጠችኝ" አለች። "ሁለት ቀን ክፍል፣ ሦስት ቀን ቤት። ልጆቹ በክፍል አሥር አይሞሉም። ነሐሴ ላይ ከእኩዮቿ ጋር አራተኛ ትገባለች። በራሷ እጅ የጻፈችው አንድ ገጽና አንድ የማባዣ ወረቀት ብቻ ነው የጠየቁት። ለነገ ቀትር ነው።"

"ካልተቀበሏትስ?"

"ወደ ድሮው ነዋ። እዚያ ደግሞ ሦስተኛን ትድገም ብለዋል።"

ፅዮን ሶፋው ላይ ሆና የሰማች አትመስልም ነበር። ግን ሆዷን ያዘች።

ሐይማኖት ከደብተሩ አንድ ገጽ መርጣ ነበር፤ የሚያዝያውን፣ ከሁሉም የሚያምረውን። ቅጹን ወደ እናቷ ገፋችው። "አንቺ እዚህ ጋ ሳይን አድርጊ። አብሯት የሚቀመጠው ሰው ነው የሚፈርመው።"

ወይዘሮ ዓለምጌጥ እስክሪብቶውን አነሡ። መፈረም ይወዳሉ፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀስ ብለው፣ ሙሉ ስማቸውን፣ ፊደል በፊደል ነው የሚፈርሙት። "ምን ይላል?" አሉ።

"ምንም አይልም እማዬ። ፎርም ነው።"

እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ።

"አንብቢልኝ" አሉ።

"እንቅልፌን ሳልጨርስ ነው የተነሣሁት። ባክሽ..."

"አንብቢልኝ አልኩሽ።"

ሐይማኖት ቅጹን መልሳ አነሣች። "ይህን ሥራ ልጅቷ ያለ ማንም እርዳታ ብቻዋን ሠርታዋለች፤ እኔም አይቻለሁ። ይኼው ነው።"

ወይዘሮ ዓለምጌጥ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። "አልፈርምም።"

"እጅሽን አመመሽ?"

"እጄ ደህና ነው። ችግሩ እሱ ነው።"

ሐይማኖት መጀመሪያ አልገባትም። ገጹን አየች፣ የእናቷን እጅ አየች። ከዚያ ወደ ሶፋው ዞረች። "ፅዮን፣ ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔና እማማ።"

"ማለቴ፣ እርሳሱን ማን ያዘ?"

"እኔ። እማማ እኔን ያዘች።"

"ሁልጊዜ?"

ፅዮን አያቷን አየቻቸው። "ሁልጊዜ አይደለም። ስሜን ብቻዬን ነው።"

"ማባዣውስ?"

"እማማ ጣት ላይ አለ።"

ይኼን ወይዘሮ ዓለምጌጥም አልጠረጠሩም ነበር። እሳቸው የሚቆጥሩት በጣት አንጓ ነው። በአንድ ጣት ሦስት አንጓ፣ በአራት ጣት አሥራ ሁለት፣ አውራ ጣት ቆጣሪ። አሥራ ሁለት በሞላ ቁጥር ከግራ እጃቸው አንድ ጣት ያጥፋሉ። ጸሎት ላይ አርባ አንዱን ኪርያላይሶን የሚያደርሱትም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ጣት ታጥፎ አምስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ ያበቃል። ልጅቷ ማባዣ ስትሠራ ለካ አብረው እየቆጠሩ ኖረዋል። ለካ እሷ ደግሞ ከጎናቸው ሆና አውራ ጣታቸው የት ላይ እንደቆመ እያየች ስትጽፍ ከርማለች።

"እንግዲህ" አለች ሐይማኖት፣ ግንባሯን መዳፏ ላይ ጥላ። "አምስት ወር ሙሉ ያየሁት ያንቺን ጽሕፈት ነው።"

"የኔን ነው።"

"ግዛቸው በየነዳጅ ማደያው የአማቱን ደብተር ሲያሳይ ከረመ በይኛ።"

ማንም አልሳቀም። ሐይማኖት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። የደከመው ድምፅዋ ነው የከበዳቸው።

"ፈርሚና ይለፍ፣ እማዬ። ከገባች በኋላ እንደርስበታለን።"

"ሲያስጽፏት ምን ትሆናለች? እርሳስ መስበር ትጀምር?"

"እንግዲያ ምን ላድርግ? ነገ ነው ቀኑ።"

"እሷ ትጻፍ።"

"ሳትችል?"

"አለመቻሏን በምን አወቅን? መቼ ለቀቅኋት?"

ሐይማኖት ዩኒፎርሟን ልትለብስ ገባች። እሳቸው እዚያው እንደተቀመጡ ዳሱ ትዝ አላቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን ሙቀት ሁልጊዜ ያስታውሱታል። ሌላውን ግን ዛሬ ነው ያስታወሱት። ያቺ ልጅ እግር አስተማሪ አንድ ቀን "መ" ላይ ሲደርሱ እጇን አንሥታ ወደ ሌላይቱ ሴት ሄደች። "ነይ እንጂ" ብለው ቢጠሯት ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም። በጣም ተቀይመዋት ነበር። ያን ቀን የጻፉት "መ" የተረገጠ ጤፍ እንጂ ፊደል አይመስልም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሐይማኖት ከሥራ ገብታ አልተኛችም። ፊቷን ታጥባ ጠረጴዛው ዳር ተቀመጠች። ወይዘሮ ዓለምጌጥ ከልጅቷ ጎን ተነሥተው ከማዶ ተቀመጡ፤ ሁለቱንም እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ጭናቸው መሐል ወሸቁ።

ፅዮን ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። "እማማ፣ እጅሽ የት ሄደ?"

"ዕረፍት ወጣ።"

"ቬኬሽን?"

"አዎ፣ ቬኬሽን።"

"መቼ ይመጣል?"

"አንቺ ስትጨርሺ።"

ቤትሽ ስላለ ሰው ጻፊ ይላል ትእዛዙ። ልጅቷ እርሳሱን ጨበጠች። አንድ ቃል ጻፈችና ቆመች። ሁለተኛው ከመስመሩ ወረደ። አጠፋችው፣ ወረቀቱ ተጨማደደ፣ አዲስ ወረቀት ሰጧት። ከነጠላው ሥር የወይዘሮ ዓለምጌጥ ቀኝ እጅ ይንፈራገጥ ነበር። የፊደሉ ሆድ በየት በኩል መዞር እንዳለበት እጁ ያውቃል። ግራው ቀኙን አንቆ ያዘው። በሃያኛው ደቂቃ እርሳሱ ቀጭ አለ። ሦስቱም እርሳሱን አዩት። ጫፉ ነው የተሰበረው። ፅዮን ሌላ አነሣች።

ማባዣው ላይ ደግሞ ወደ ነጠላው አየችና ምንም የሚነበብ አጣች። ትንሽ ቆይታ የራሷን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አውራ ጣቷን አንጓዎቿ ላይ ማንቀሳቀስ ጀመረች፣ በግራዋ አንድ ጣት አጠፈች። ከሃያው ጥያቄ ዘጠኙን ሠርታ ደቂቃው አለቀ። አንዱ ስሕተት ነው።

ጽሑፉ አምስት መስመር ነው። አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አለቀ። ሐይማኖት አንሥታ በአማርኛ አነበበችላቸው፦ "አያቴ ከኔ ጋር ትኖራለች። ፀጉሯ ነጭ ነው። ጎመን ስትበላ ድምፅ ታወጣለች። መኪና አትነዳም። የኔን እጅ ግን ትነዳ ነበር።"

"ድምፅ አወጣለሁ እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ።

"ታወጫለሽ" አለች ሐይማኖት፣ ዓይኗን በአይበሉባዋ እያሸች። ገጹን ከሚያዝያው ገጽ ጎን አስቀመጠችው። የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈችው ይመስላል። ሁለቱን እያፈራረቀች ብዙ አየች። ከዚያ የሚያዝያውን ደብተሩ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

ወይዘሮ ዓለምጌጥ እጃቸውን ከነጠላው አወጡና ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ጣታቸው ከመታፈኑ ብዛት ደንዝዞ ነበር። "ዓ" ተንሻፈፈች፣ "ጌ" ከመስመሩ ወረደች። ፅዮን አንገቷን አስግጋ ታያለች።

"እማማ፣ መስመር ላይ አይደለም" አለች።

"አይደለም" አሉ። ፈርመው ጨረሱ።

ሐይማኖት እንቅልፍ እያዳፋት ነድታ ወረቀቶቹን ለትምህርት ቤቱ አስረከበች። በአሥረኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሐይማኖት ኩሽና ውስጥ ቆማ ኦኬ፣ ኦኬ ስትል ቆየችና ዘጋች። "ተቀብለዋታል። አራተኛ ትገባለች። የጽሕፈትና የሒሳብ ሰዓት ሲሆን ግን ሁለተኛ ክፍል ወርዳ ከትንንሾቹ ጋር ትቀመጣለች" አለች። ደስ ይበላት ይክፋት ከፊቷ አይታወቅም።

"ቤት የምትውልባቸው ሦስቱ ቀኖችስ?"

"እነሱማ እንዳሉ ናቸው፣ እማዬ። ካንቺ ጋር።"

ወይዘሮ ዓለምጌጥ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ዓመት ነው። ወገባቸውም ሰምቶ ነው መሰል ከወንበሩ ሲነሡ ጠዘጠዛቸው።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው እጃቸውን ማሸት ጀመሩ። ሞቅ ሲል ለምን እንዳሹት ጠፋቸው። ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ፅዮን ብቻዋን አንድ መስመር ጻፈች፣ እርሳሷን ጣለችና የነጡ ጣቶቿን ዘርግታ ወደ እሳቸው ገፋቻቸው።

"አመመኝ" አለች።

ተቀብለው አሹላት፤ አንጓ በአንጓ፣ ደም እስኪመለስበት። ከዚያ ለቀቋት።